የቤታችሁን ሂሳብ ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ?

ዛሬ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ለትዳር ጓደኛችሁ አንድ ጥያቄ አቅርቡ። «አሁን በእጃችን ስንት ብር አለ? ስንትስ ዕዳ አለብን?» በሉ። ሁለታችሁም አንድ ዓይነት መልስ ከሰጣችሁ ይህን ጽሑፍ ማለፍ ትችላላችሁ። በብዙ ቤት ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ባል ከደመወዙ ከፍሎ «ይኸው የቤት ወጪ» ብሎ ይሰጣል፤ ቀሪው የት እንደሚገባ ሚስት አታውቅም። እርሷም ከአስቤዛው ላይ ቆንጥራ የምትጥለውን እቁብ እርሱ አያውቅም። አብረው ይጸልያሉ፣ አብረው ይዘምራሉ፤ ስለ ገንዘብ ግን አይነጋገሩም።

ጉና ግርጌ ያለው ዓመት

የደብረ ታቦርንና የአካባቢዋን ኑሮ እንመልከት። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ ዙሪያ የሚኖር ገበሬ ተስፋው ገብሱ፣ ድንቹና በጉ ነው። ገንዘብ በደንብ የሚገባው መኸሩ ሲሰበሰብ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ወዲያው ጥር ይመጣል፤ ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲደርሱ ጎተራው ባዶ ነው።

እንደ ምሳሌ አንድ ቤተሰብ ከምርቱና ከበጎቹ ሽያጭ በዓመት 60,000 ብር አገኘ እንበል። ለ12 ወር ሲካፈል ለወር 5,000 ብር ነው። ጥር ላይ ለድግስ 24,000 ብር ከወጣ ግን የቀረው 36,000 ነው፤ ለወር 3,000 ብር ማለት ነው። ድግሱ ሁለት ቀን ፈጀ፤ የጎደለው 2,000 ብር ግን ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ከገበታው ላይ ይነሳል። (የእኛ የአማኞች ሠርግም ጠላና ጠጅ የለበትም እንጂ በወጪ ከሌላው አልተሻለም። የቪዲዮውና የዲኮሩ ሂሳብ ምስክር ነው።)

ከዚያ የሚከተለው የባሰ ነው። እህል ውድ በሆነበት በነሐሴ ከአራጣ አበዳሪ ይበደራል፤ እህል በረከሰበት በታኅሣሥ ምርቱን ሸጦ ይከፍላል። ድንች ብዙ ስለማይቆይ መሸጡ ግድ ነው። ገብስ ግን ተባይ ከተጠበቀለት ይቆያል፤ ጥቂት ጥቂቱን እስከ ክረምት እያወጡ መሸጥ ያለ ምንም ብድር ገቢን ከፍ ያደርጋል። በዘፍጥረት 41 ዮሴፍ ለፈርዖን የመከረው ምክር ይኸው ነበር፤ በጥጋቡ ዓመታት ከምርቱ አንድ አምስተኛውን ማስቀመጥ።

እርግጥ ነው፣ እቅድ መሬት አይጨምርም። በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእብናት በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ብዙ ቤተሰቦችን ያቀፈው ሰዎቹ ሂሳብ ስላላወቁ አይደለም፤ መሬቱ ጠብቦና ደክሞ ነው። ድሃውን «በጀት ስለማትይዝ ነው» ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

የከተማው መምህር ወይም ነርስ ችግር መልኩ ይለይ እንጂ ያው ነው፤ ገንዘቡ በአንድ ቀን ይገባል፣ ወጪው 30 ቀን ይቆያል። ለአንድ ወር ብቻ ጤፉን፣ ከሰሉን፣ የሞባይል ካርዱን፣ አሥራቱን፣ እድሩን፣ ከዘመድ የመጣውን ልመና ሳይቀር በአንድ ደብተር መዝግቡ። ሁለታችሁም ጻፉ። አንዱ ጸሐፊ፣ ሌላው ተቆጣጣሪ ከሆነ ግን ደብተሩ የጠብ ምክንያት ይሆናል።

የብድር ወለድ እንዴት ይሰላል?

በክልላችን ብዙ ሰው ብድርን የተዋወቀው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በአብቁተ ነው። ተቋሙ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሥራ ጀምሮ ለገጠሩ ሕዝብ በቡድን ዋስትና ሲያበድር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ጸደይ ባንክ ሆኗል። ዛሬ በስልክም መበደር ይቻላል። ከየትም ብትበደሩ ግን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ ወለዱ የሚሰላው በመጀመሪያው ብድር ላይ ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ ላይ?

ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። 10,000 ብር በ18 ከመቶ ወለድ ተበድራችሁ ዋናውን በ12 ወር እኩል እየከፈላችሁ ትጨርሳላችሁ እንበል። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ከታሰበ በዓመቱ 975 ብር ነው። በመጀመሪያው 10,000 ላይ እየታሰበ ከዘለቀ ግን 1,800 ብር ይሆናል። በወረቀቱ ላይ ሁለቱም «18 ከመቶ» ናቸው።

ብድሩ ላም ገዝቶ ወተቷ የሚከፍለው ከሆነ አንድ ነገር ነው። ለክርስትና ጉዞ ድግስ፣ ለልብስ ወይም ሌላ ዕዳ ለመክፈል ከሆነ ግን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይሆናል።

በእቁብም ቢሆን ተራ ዋጋ አለው። አሥር ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር ቢጥሉ ፊተኛው ያለ ወለድ እንደ ተበደረ ነው፤ ኋለኛው ያለ ወለድ እንዳበደረ። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ወደ 7 ከመቶ ከፍ አድርጎ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ በአንድ ዓመት ከ30 ከመቶ በላይ ደርሷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ዕጣው በመጨረሻ የወጣለት ሰው የሚቀበለው ብር ቁጥሩ ያው ቢሆንም የሚገዛው ያነሰ ነው። ሆኖም እቁብ በራሱ ለመቆጠብ አቅም ያጣውን ሰው ያስቆጥባል፤ እኔ በዚህ ምክንያት አልነቅፈውም።

ዋስ መሆን

ከሁሉ ይልቅ ቤት የሚያፈርሰው ዋስትና ይመስለኛል። ወንድም በጉባኤ መካከል «ለእኔ ፈርምልኝ» ሲል እምቢ ማለት ፍቅር ማጣት ይመስላል። ሰውዬው ካልከፈለ ግን ዋሱ ይከፍላል፤ የሚከፍለውም ከልጆቹ ጉሮሮ ነው። ምሳሌ 22 ስለዚህ በግልጽ ያስጠነቅቃል።

ሕጉም ዝም አላለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ንብረት መሸጥም እንዲሁ ነው። የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አውጥቷል። በዚያው ዘመን የተጀመረው የገጠር መሬት ምዝገባ ደግሞ የባልንም የሚስትንም ስም በአንድ የይዞታ ደብተር ላይ አሰፈረ። ስለዚህ «ባሌ ያውቃል» ወይም «ሚስቴን አይመለከታትም» ማለት በሕግም አይቆምም።

እንግዲህ ደብተሩን ስታወጡ ከወር ወጪው በፊት በአንድ ገጽ ላይ ዕዳችሁን ጻፉ። ለማን፣ ስንት፣ በስንት ወለድ፣ መቼ እንደሚከፈል። ቀጥሎም እያንዳንዳችሁ ለማን እንደ ፈረማችሁ ጻፉ። ወለዱ ከፍ ያለው ዕዳ አስቀድሞ ይከፈል፤ ያልተከፈለ የአራጣ ዕዳ ካለ ከማንኛውም ቁጠባ ይቀድማል። ዋስ የሆናችሁለት ሰው ካለም ክፍያውን በጊዜው እየከፈለ መሆኑን በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ጠይቁት፤ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ።