ሰማይን በጂፒኤስ መለካት

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ምድርን የሚዞሩት 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆነው ነው። የሚልኩት የሬዲዮ ሞገድ እኛ ዘንድ እስኪደርስ አዮኖስፌርን ያቋርጣል። ይህ ከ60 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የተዘረጋ የአየር ክፍል ሲሆን፣ የፀሐይ ጨረር ከአየሩ ቅንጣቶች እየነጠቀ የበተናቸው ኤሌክትሮኖች ይገኙበታል። ኤሌክትሮኖቹ ምልክቱን ያዘገዩታል። በሐሩር ክልል፣ ፀሐይ በበረታችባቸው ዓመታት፣ ከሰዓት በኋላ የርቀት ልኬቱ ከ10 ሜትር በላይ ሊዛባ ይችላል።

ለቀያሽ ስሕተት የሆነው ይህ መዘግየት ለሰማይ አጥኚ መረጃ ነው። ሳተላይቱ ከሚልክባቸው ሞገዶች አንዱ 1575.42፣ ሌላው 1227.60 ሜጋኸርዝ ነው፤ የበለጠ የሚዘገየው ሁለተኛው ነው። አብረው ተነሥተው ሲደርሱ ሁለተኛው በ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ከቀረ፣ በመንገዳቸው ላይ ስፋቱ አንድ ካሬ ሜትር በሆነ ዓምድ ውስጥ 10 ሺህ ትሪሊዮን ኤሌክትሮን አለ ማለት ነው። ልዩነቱ በጨመረ ቁጥር ኤሌክትሮኑም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ይህ ስሌት ድምሩን እንጂ የትኛው ከፍታ ላይ ምን ያህል እንዳለ አይናገርም። ለዚያ ሌላ ዘዴ አለ፤ ዝቅ ብላ የምትዞር ትንሽ ሳተላይት፣ የጂፒኤስ ሳተላይት ከምድር ጀርባ ሲጠልቅ ምልክቱን ትከታተላለች። ምልክቱ አየሩን ከላይ ወደ ታች እየቃኘ ስለሚወርድ የየከፍታው መጠን ይገኛል። ታይዋንና አሜሪካ በ2019 እ.ኤ.አ. ያመጠቋቸው ስድስት የኮስሚክ 2 ሳተላይቶች በሐሩሩ ሰማይ ላይ ይህንኑ ይሠራሉ።

ኢትዮጵያ ለዚህ ጥናት የተመቸች አገር ናት፤ የምድር መግነጢስ ወገብ በላይዋ ያልፋል። ቀን ቀን ኤሌክትሮኖቹ ከወገቡ ላይ ሽቅብ ይነሡና በመግነጢሱ መስመር ተንሸራተው በሰሜንና በደቡብ ይከማቻሉ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ኤሌክትሮን የሳሳባቸው ግዙፍ አረፋዎች ከታች ይወጣሉ። በተለይ በመጋቢትና በመስከረም ምሽቶች፣ በእነሱ ውስጥ የሚያልፈው ምልክት ይርገበገባል፤ አንዳንዴም መቀበያው ሳተላይቱን ጨርሶ ያጣዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ የመግነጢስ መመዝገቢያ ጣቢያ የተቋቋመው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ የጂፒኤስ መቀበያም አለ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በዋሸራ ቤተ ሙከራው ይህንኑ ሰማይ ያጠናል። ለሥራው የራስን ሳተላይት ማምጠቅ የግድ አይደለም፤ ሌሎች ለመንገድ መሪነት ያመጠቁት ሳተላይት፣ አንድ ጥሩ አንቴና፣ የማይቋረጥ መብራትና መዝገቡን የሚያነብ ባለሙያ ካሉ ይጀመራል።