በአንዲት ሺህኛ ሰከንድ የጠፋ ፍፃሜ

ዴቨን አለን እ.ኤ.አ ሐምሌ 2022 በአሜሪካ ዩጂን በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የ110 ሜትር መሰናክል ፍፃሜ ላይ ሮጦ አልተሸነፈም። ሳይሮጥ ነው የወጣው። ሜዳው ራሱ የተማረበት የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ተመልካቹም የእሱ ነው። ከአንድ ወር በፊት ኒውዮርክ ላይ 12.84 በመግባት የዓለም ሪከርዱን ለመስበር ጥቂት ነበር የቀረው።

ሽጉጡ ተተኮሰ፣ አለን ተስፈነጠረ። መነሻው ላይ የተገጠመው መሣሪያ 0.099 ሰከንድ አነበበ። ሕጉ የሚለው 0.100 ነው። በቃ፣ ቀይ ካርድ!

«ከተኩሱ በኋላ ከተነሳ ጥፋቱ ምንድን ነው?» ያለ ብዙ ነው። ዩሴን ቦልት እ.ኤ.አ በ2011 ዴጉ ላይ ሲባረር ጥያቄ አልነበረም፤ ከተኩሱ ቀድሞ ነበር የተነሳው። የአለን ግን ሌላ ነው። ሕጉ «ሰው በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ሰምቶ መነሳት አይችልም፤ ከተነሳ ገምቷል» ብሎ ያስባል።

እዚህ ላይ ስፖርት አፍቃሪው «ሪፍሌክስ» የሚለው ነገር መለየት አለበት። ሐኪም ከጉልበት ሎሚ በታች መታ ሲያደርግ የጭን ጡንቻ ይለጠጣል፤ መልእክቱ በነርቭ ወደ ህብለ ሰረሰር ሄዶ ትዕዛዙ ከዚያው ይመለሳል፤ እግር ይወረወራል። አንጎል አይጠየቅም፣ ወሬውን የሚሰማው በኋላ ነው። ጡንቻው ትዕዛዙን ለመቀበል 0.02 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል።

የሽጉጡ ድምፅ ግን መንገዱ ረጅም ነው። ከጆሮ ወደ አንጎል፣ ከአንጎል በህብለ ሰረሰር ወደ እግር ይወርዳል፤ ከዚያም ጡንቻው ኃይል አጠራቅሞ መነሻውን መግፋት አለበት። ለዚህም ነው ታላላቅ ሯጮች እንኳ በአብዛኛው ከ0.12 በላይ የሚያስመዘግቡት። ልምምድ የነርቭን ፍጥነት አይጨምርም፤ ትዕዛዙን አስቀድሞ ያዘጋጃል እንጂ።

ሆኖም ኃይለኛ ድምፅ ሰውን ያስደነግጣል። ድንጋጤ ደግሞ እውነተኛ ሪፍሌክስ ነው፤ በአንጎል ግንድ በኩል በአቋራጭ ያልፋል። በዚህ የተነሳ 0.1 ለሰው ልጅ እጅግ የጠበቀ ወሰን ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። አለን ራሱ በግማሽ ፍፃሜው 0.101 አስመዝግቦ በሰላም አልፏል። በሁለቱ መነሻዎች መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሺህኛ ሰከንድ ብቻ ነው። አንዱ «ጎበዝ» አሰኘው፣ ሌላው አስባረረው።

አለን ዳኞቹን ተከራከረ፣ ተመልካቹም ጮኸ፤ የተለወጠ ነገር ግን አልነበረም። ወርቁን ግራንት ሆሎዌይ በ13.03 ወሰደ። አለን ገምቶ ይሁን ሰምቶ፣ መሣሪያው ያነበበው እግሩን እንጂ ጆሮውን አይደለም።