ከዛጎሉ ውስጥ ማን ይኖር ነበር?

ጌራት ቨርሜይ እ.ኤ.አ. በ1946 ኔዘርላንድ ውስጥ ተወለደ፤ በሦስት ዓመቱ የዓይኑን ብርሃን አጣ። ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ የአራተኛ ክፍል መምህርቱ ከፍሎሪዳ ያመጣቻቸውን ዛጎሎች የክፍሉ መስኮት ላይ ደርድራ ነበር። ልጁ ዳሰሳቸው። በኔዘርላንድ ዳርቻ የሚያውቃቸው ሻካራና ጠመኔ ጠመኔ የሚሉ ነበሩ፤ እነዚህ ግን ልሙጥ፣ ጌጣቸውም የበዛ። የሞቃት ባሕር ዛጎል ከቀዝቃዛው የሚለየው ለምንድን ነው? ከዚህ ጥያቄ የተነሳው ልጅ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ፕሮፌሰር ሆነ። ሸርጣን ጥፍሩን ሲያበረታ ቀንድ አውጣው ዛጎሉን እንዴት እንዳወፈረና አፉን እንዴት እንዳጠበበ በጣቱ እየመረመረ በሙያው ስም አተረፈ።

ስለ ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳት የሚሰጥ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እንዲህ ያለው ጥያቄ ቀርቶ የስም ዝርዝር ሲመጣ ነው። ምደባ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ሞለስኮች በታወቁ ዝርያዎች ብዛት ከአርትሮፖዶች ቀጥለው ሁለተኛ ናቸው። ኦይስተርና ስካሎፕ ባለ ሁለት ክዳን፣ ቀንድ አውጣዎች ባለ አንድ ጥምዝ ዛጎል ሲሆኑ፣ ኦክቶፐስ ዛጎል የተወ ዘመዳቸው ነው። ሸርጣንና ሎብስተር ግን ከዚህ ወገን አይደሉም። ይህን በቃል ከማስጠናት አስተዳደጋቸውን ማሳየት ይሻላል፤ ሸርጣን ሲያድግ የጠበበውን ቅርፊት አውልቆ ይጥላል፣ ሞለስክ ግን ዕድሜውን ሙሉ በዚያው ዛጎል ጠርዝ ላይ እየጨመረ ይኖራል።

ለመጀመር ስካሎፕን የሚያህል የለም። ባለ ሁለት ክዳን እንስሳ ሲባል ተማሪው ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ወይም አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር ነገር ያስባል። ስካሎፕ ግን ይዋኛል። ሁለቱን ክዳኖች ቶሎ ቶሎ እየከፈተና እየዘጋ ውሃውን በኃይል ያስወጣል፤ በዚያ ግፊት ይስፈነጠራል። ይህን የሚያደርገው ጡንቻ ነው አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ ነጭና ክብ ሆኖ የሚሸጠው፤ ብዙ ሰው እንስሳው በሙሉ ያ ይመስለዋል። ስለዚህ ከነዛጎሉ የሚገኝበት ከተማ ያለ መምህር አንድ ገዝቶ ክፍል ውስጥ ቢከፍተው የሚተነፍስበት አካልና የመራቢያው ክፍል ይታያሉ። የባሕር ምግብ አለርጂ ያለባቸው ተማሪዎች መኖራቸውን አስቀድሞ መጠየቅ ግን ግዴታ ነው። በውሃ ገንዳ ሕያው ስካሎፕ ማቆየት የሚችሉ ደግሞ የኮከብ ዓሣ ክንድ ያስነኩታል፤ አዳኙን ሲለይ ተነስቶ ይሸሻል።

ዓይኖቹም አሉ። በክዳኖቹ ጠርዝ ላይ እስከ 200 የሚደርሱ ጥቃቅን ዓይኖች ተደርድረዋል። ምስሉን የሚሠሩት እንደ እኛ በሌንስ ሳይሆን በዋናነት ከበስተኋላ ባለ ጎድጓዳ መስተዋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በእስራኤል የቫይዝማን ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት መስተዋቱ ከጓኒን ክሪስታሎች እንደሚሠራ፣ ክሪስታሎቹም አራት ማዕዘን ሆነው ያለ ክፍተት እንደተነጠፉ በዝርዝር አሳየ። የባዮሎጂና የፊዚክስ መምህራን አንድ ክፍለ ጊዜ ቢጋሩ ለብርሃን ነጸብራቅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኙም።

ባዶ ዛጎል ብቻ ያለውም አይቸገርም። በዛጎሉ ላይ ያሉት መስመሮች የዕድገት መዝገብ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ከአይስላንድ ባሕር የወጣ አንድ ባለ ሁለት ክዳን መስመሮቹ ተቆጥረው 507 ዓመት ሆኖት ተገኝቷል። ጥርት ያለ ክብ ቀዳዳ ያለው ዛጎል ከተገኘ ገዳዩ ሥጋ በል ቀንድ አውጣ ሳይሆን አይቀርም። ዛጎሉን ኮምጣጤ ውስጥ መንከርም ቀላል ሙከራ ነው፤ ዛጎሉ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አረፋ ያወጣል። ብዙዎች ይህን የባሕር አሲድነት ማሳያ ያደርጉታል፤ እኔ ግን እጠራጠራለሁ። ኮምጣጤ ከባሕር ውሃ እጅግ የበረታ አሲድ ነው፤ ባሕሩ ላይ ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው ዛጎል መሥራት በሚጀምሩት እጮች ላይ ነው። በዚሁ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2007 አካባቢ በኦሪገን የኦይስተር ማራቢያ እጮች በጅምላ አልቀዋል።

ከክፍል ውጭ ከሚሰጠው ትምህርት ስሙ የገነነው በኒው ዮርክ ነው። በገቨርነርስ ደሴት ያለው የሀርበር ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከቢሊዮን ኦይስተር ፕሮጀክት ጋር ኦይስተር ያራባሉ። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ተመሠረተ፤ ግቡ እስከ 2035 አንድ ቢሊዮን ኦይስተር ወደ ወደቡ መመለስ ነው። ከምግብ ቤቶች የተሰበሰበው ዛጎል ሜዳ ላይ ተከምሮ ከከረመ በኋላ እጮች ይጣበቁበታል። የወደቡ ውሃ ስለተበከለ ኦይስተሮቹ አይበሉም። ትምህርቱን ከማብሰያ ቤት አውጥቶ ወደ ሥነ ምሕዳር የወሰደው አንዱም ይኸው ነው።

ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ዳርቻ የላትም፤ በጁራሲክ ዘመን ግን የመቀሌ አካባቢና የዓባይ ሸለቆ በባሕር ተሸፍነው ነበር። ከዚያ ዘመን የቀረው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ የባሕር ቅሪተ አካላት አሉት፤ ከሞለስኮች ጋር ብራኪዮፖዶችም ይገኙበታል። ብራኪዮፖድ በመልክ ባለ ሁለት ክዳን ሞለስክ ይመስላል፣ የቅርብ ዝምድና ግን የላቸውም። የሚለዩት በማመሳከር ነው፤ የአብዛኛው ባለ ሁለት ክዳን ሞለስክ ሁለቱ ክዳኖች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፣ የብራኪዮፖድ ግን የእያንዳንዱ ክዳን ግራና ቀኝ። ስካሎፕ እዚህም ያስቸግራል። የክዳኑ ግራና ቀኝ እኩል ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ተማሪው ማጠፊያው አጠገብ ያሉትን ሁለት ጆሮ መሰል ክንፎች ማስተያየት ይኖርበታል፤ በብዙ ዝርያዎች አንዱ ከሌላው ይበልጣል።