መኖርና መከፈት፤ የአይሮፕላን ማረፊያ ነገር ከላስታ ሲታይ

«ላሊበላ እኮ የአይሮፕላን ማረፊያ አላችሁ፤ ምን ጎደላችሁ?» እያሉ ጓደኞቻችን ምሳ ላይ ይቀልዱብናል። መኖሩስ አለ። ነገር ግን መኖርና መከፈት ሁለት ነገር መሆኑን የላስታ ሰው አሳምሮ ስለሚያውቅ፣ ስለ ቢሾፍቱው አዲስ ጣቢያ ክርክር በተነሣ ቁጥር እኛን ዝም ማሰኘት አይቻልም።

ከተማችን በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ በገደልና በሸንተረር መካከል ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች፣ ለማረፊያ የሚሆን ሜዳ የተገኘው ቁልቁል ወርዶ ሹምሸሃ ላይ ነው፤ ከከተማው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሹምሸሃም ቢሆን 2,000 ሜትር ይጠጋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ክንፍን በደንብ አይሸከምም፤ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ አይሮፕላኑ ከባሕር ዳር አገር ይልቅ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል።

ለብዙ ዓመታት የነበረን ግን የአፈር ሜዳ ነበር። በበጋ ዲሲ 3፣ ኋላም ትዊን ኦተር ያርፍበት ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጎማ ስለሚይዝ በረራው ይቆማል። ማረፊያው እንደ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ከዝናብ በኋላ ይከፈት ነበር ማለት ነው! አብያተ ክርስቲያናቱ በዩኔስኮ መዝገብ የገቡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ሲሆን፣ አስፋልቱ የመጣው በ1990ዎቹ ነው።

ሰው መዘግየት ሲሰማ ወዲያው ስንፍናን ወይም ሌብነትን ያስባል። አንዳንዴም አይሳሳትም። ይሁን እንጂ የበርሊንን ነገር እንመልከት። አዲሱ ጣቢያ ጁን 3 ቀን 2012 ሊከፈት አራት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ተሰረዘ፤ በእሳት ጊዜ ጢስ የሚያስወጣው መሣሪያ ፈተናውን ማለፍ አልቻለምና። የተከፈተው ኦክቶበር 31 ቀን 2020 ነው። ማኮብኮቢያው አለ፣ ሕንፃው አለ፤ ጢሱ መውጫ አጣ። በአሜሪካ ዴንቨር ደግሞ ሻንጣ አመላላሹ ማሽን ሻንጣ እየቦጫጨቀ መክፈቻውን 16 ወር አዘገየው። አይሮፕላን ማረፊያ ማለት ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ዝግጁ እንዲሆን የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ የአንዱ ጉድለት ሌላውን ሁሉ ሥራ ያስፈታል።

በአቡሴራ ሥራው በይፋ የተጀመረው ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። 12.5 ቢሊዮን ዶላር፣ 4 ማኮብኮቢያ፣ በመጨረሻም በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ ታስቦለታል፤ የመጀመሪያው ክፍል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2030 እንዲያልቅ ተቀጥሯል። ይህን ያህል ገንዘብ ከብዙ አበዳሪ እየተሰበሰበ፣ ከመሬታቸው የተነሡ ገበሬዎችም ኑሮ እየተስተካከለ፣ ቀኑ ዝንፍ አይልም ብሎ መማል ለእኛ ይከብደናል።

የሚዘጋውም ዝናብና ጢስ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በጦርነቱ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምትም በግጭቱ ምክንያት ወደ ላሊበላ የሚደረገው በረራ ተቋርጧል። ያን ጊዜ አስጎብኚው፣ ሆቴል ቤቱ፣ በቅሎ አከራዩ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

አንድ ጥያቄ ግን ይቀረናል። አቡሴራ ሲከፈት ቦሌ ለአገር ውስጥ በረራ እንዲቀር ታስቧል። ላሊበላን ሊያይ ከውጭ የመጣ እንግዳ አቡሴራ ወርዶ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ቦሌ እንደገና ሊሳፈር ነው? በሁለቱ መካከል የታሰበው የባቡር መስመር ከማረፊያው እኩል ይደርሳል ወይስ ዘግይቶ? ክርክሩ ላይ ይህንን የሚያነሣ ስላላገኘን እኛው አነሣነው።