አስታማሚው ባለበት ክፍል የነርስ ሙያ
በሀገራችን ሆስፒታል በሽተኛ ብቻውን አይተኛም። አልጋው ሥር ምንጣፍ ዘርግታ የምታድር እህት፣ ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ የምትመጣ ልጅ፣ ማዘዣ ይዞ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት የሚዞር ወንድም አለው። በአብዛኛው የሚያጥበውም፣ የሚያጎርሰውም፣ ሽንት የሚደፋለትም አስታማሚው ነው። ታዲያ የነርሷ ድርሻ የቱ ነው የሚለው ጥያቄ ሲንከባለል እዚህ ደርሷል።

ዘመናዊው ነርስነት ወደ እኛ የመጣው ከነደንቡ ነው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ሳሉ ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥነው በ1939 እ.ኤ.አ. ነርስ ሆኑ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሆስፒታሎች እናት የተኛ ልጇን የምታየው ደንቡ በፈቀደላት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር፤ ቤተሰብ በሽታ ያስገባል፣ ልጁንም ያስለቅሳል ይባል ነበር። ልዕልቲቱ በ1942 ወለጋ ውስጥ በለጋ ዕድሜያቸው ዐረፉ። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ገንዘብ ያሰባሰቡለት የመታሰቢያ ሆስፒታላቸውም በ1951 አዲስ አበባ ተከፈተ። እንግሊዞቹ ሐሳባቸውን የለወጡት ቆይተው ነው። ተመራማሪው ጄምስ ሮበርትሰን ከእናቷ ተለይታ ሆስፒታል የገባች የሁለት ዓመት ሕፃን የሚደርስባትን በ1952 በፊልም አሳየ፤ ሆስፒታል ስለሚተኙ ሕፃናት የወጣው የ1959ኙ የፕላት ሪፖርት ደግሞ ወላጆች ያለ ገደብ እንዲገቡ አሳሰበ።

ዛሬ ታካሚንና ቤተሰብን ማዕከል ያደረገ ክብካቤ የሚባለው በሌላው ዓለም የተዘጋ በር ከማስከፈት የተነሣ ነው። እኛ ዘንድ የመጠየቂያ ሰዓት ተለጥፏል፣ ዘበኛውም ይከለክላል፤ ነርስ ስለሚያጥር ግን አስታማሚ ከሌለ ክፍሉ አይንቀሳቀስም። ቤተሰቡን ያስገባው ችግር ስለሆነ የሚያስተምረው ሰው አልተመደበለትም። ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል።

ስትሮክ መትቷቸው ግማሽ ጎናቸው የማይንቀሳቀስ አባት እንውሰድ። መዋጥ መቻላቸው ሳይታይ ልጃቸው በማንኪያ ውኃ ብታጠጣቸው ውኃው ሳንባቸው ሊገባ ይችላል። በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጡ ዳሌያቸውና ተረከዛቸው ይቆስላል። የሙያው መጽሐፍ የቁስሉ መጀመሪያ የቆዳ መቅላት ነው ይላል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ በቀላሉ አይታይም፤ ሙቀቱንና ጥንካሬውን በእጅ መዳሰስ ይጠይቃል። የልጅቷን እጅ ይዛ ዳሌያቸውን እያስዳሰሰች «እዚህ ጋ ከሞቀሽ ወይ ከጠነከረብሽ ጥሪኝ» የምትል ነርስ፣ ሥራዋን በቤተሰብ ላይ ጣለች አይባልም። በዚያች ደቂቃ ያደረገችውን ሐኪሙ አላዘዛትም፤ አስታማሚዋም አታውቀውም። ሙያው የእሷ ነው።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሆስፒታል ማሻሻያ መመሪያ ነርሶች የራሳቸውን የክብካቤ ዕቅድ እንዲጽፉ የፈለገው ለዚሁ ነበር። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ የሚለው መርሕ መጣ። መርሑ መልካም ነው። ነገር ግን ሩህሩህነትን ከጠባይ ብቻ መጠበቅ ነርሷን ይበድላል፤ ለአንድ ክፍል ሙሉ በሽተኛ በአንድ ሌሊት የምትበቃ ነርስ የለችም።

ከሁሉ የሚከብደው የታካሚና የቤተሰብ ፍላጎት ሲለያይ ነው። «ሲስተር፣ እባክሽን ካንሰር መሆኑን ለእማዬ እንዳትነግሪያት» የሚለው ልመና ከፍቅር የመጣ ነው፤ ክፉ ወሬ በድንገት አይነገርም የሚለው ባህላችንም ከኋላው አለ። የጤና ክብካቤ ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 299/2006 ግን ሕክምና የታካሚውን ፈቃድ ይጠይቃል ይላል፤ ምን እንደያዛቸው ያልተነገራቸው እናት ደግሞ በምን ላይ ይፈቅዳሉ? እዚህ ላይ ነርሷ መዋሸትም፣ ልጆቹን ረግጣ መናገርም የለባትም። «እማማ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? አብሮዎት ማን ይስማ?» ብላ እናቲቱን ራሳቸውን መጠየቅ ትችላለች። በገቡበት ቀን የደም ግፊታቸው ሲለካ አብሮ ቢጠየቅ፣ ልጆቹ ኮሪደር ላይ ሳይከቧት መልሱ ፋይሉ ላይ ሰፍሮ ይገኛል።