ከመፈረማችሁ በፊት

በመኪና አደጋ ተጎድተው ለካሳ ወደ ቢሮዬ ከሚመጡት ብዙዎቹ አንድ ወረቀት ይዘው ነው የሚመጡት። በእጅ የተጻፈ፣ ሽማግሌዎች በእማኝነት የፈረሙበት ወረቀት ነው። ቃሉም ይመሳሰላል፦ ለመታከሚያ ይህን ያህል ብር ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ በሹፌሩም ሆነ በባለንብረቱ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም። ቀኑን ሳየው አብዛኛውን ጊዜ አደጋው በደረሰ በሳምንት በአሥር ቀኑ ነው። ፈራሚው ገና ከአልጋ አልተነሣም ማለት ነው።

ሽማግሌ መላክን አልነቅፍም። የሹፌሩ ቤተሰብ ሙዝና ጁስ ይዞ ሆስፒታል ድረስ መምጣቱ፣ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ መጠየቁ በእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው፤ ቂም ያበርዳል። የሚጎዳው ይቅርታውና ካሳው በአንድ ወረቀት ላይ ሲታሰሩ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 መሠረት እርቅ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ የሌለው የመጨረሻ ፍርድ ያህል ኃይል አለው። “መብቴን አላውቅም ነበር” ማለት አያፈርሰውም።

አንድ የግንባታ ሠራተኛ ወጣት ነበር። የተሳፈረበትን ባጃጅ የጭነት መኪና ገጭቶት ጭኑ ተሰበረ። ጉዳዩን ይዞልኝ የመጣው ታላቅ ወንድሙ ነው። ለምን እንደፈረሙ ስጠይቀው፣ “ብረቱን ገዝታችሁ ካላመጣችሁ ኦፕራሲዮን አይገባም ተባልን፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ብሩን ቆጥረው ይዘዋል። ምን ልበላቸው?” አለኝ። ብሩ ብረቱን ገዛ። ወራት አልፈው እግሩ አጥሮ ሲቀር፣ የሐኪሞች ቦርድ ለቋሚ አካል ጉዳቱ መቶኛ ሲሰጥ፣ ስካፎልድ ላይ መውጣት እንደማይችል ሲታወቅ ወረቀቱ ቀድሞ ተፈርሟል።

ሕጉ ለዚህ ችግር ያዘጋጀው መላ ጠባብ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለአስቸኳይ ሕክምና 2 ሺህ ብር ነበር የፈቀደው። ለአካል ጉዳት ጣሪያው 40 ሺህ፣ ለንብረት ጉዳት ግን 100 ሺህ ብር ነበር። ለተገጨ መኪና ከተገጨ ሰው የሚበልጥ ገንዘብ መመደቡ ዛሬም ይከነክነኛል። ገጭቶ ላመለጠ ወይም መድን ለሌለው መኪና ደግሞ የመድን ፈንድ አለ፤ ይህን የሚያውቅ ተጎጂ ብዙ አላጋጠመኝም።

ኢንሹራንሱ ከከፈለ ነገሩ አለቀ የሚሉም አሉ። አላለቀም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 ባለመኪናው ራሱ ባያሽከረክርም፣ ጥፋት ባይኖርበትም፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ተሰርቆብኝ ነበር ብሎ ካላስረዳ በቀር። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ታርጋውን ያዙ፤ ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ ከዚያ ይገኛል። በደሞዝ የሚያድር ሹፌርን ብቻ ከሶ ምን ይገኛል? ሹፌሩ በወንጀል ችሎት በነጻ ቢሰናበትም የካሳው ክስ አብሮ አይወድቅም፤ የፍትሐ ብሔር ዳኛ በዚያ ውሳኔ አይታሰርም።

ታዲያ ብሩን አትቀበሉ ማለቴ አይደለም። ተቀበሉ፤ የምትፈርሙት ግን ለደረሰኝ ይሁን። “ለሕክምና ወጪ ይህን ያህል ብር ተቀብያለሁ” ይበል፣ እዚያው ይቁም። “ጥያቄ አላነሳም” የሚለው መስመር ካለ፣ ሽማግሌዎቹን በአክብሮት፣ “አባቶቼ፣ ቦርዱ ይወስንና እንቀመጥ” በሏቸው። ቅን ሽማግሌ በዚህ ቅር አይለውም።

ገቢያችሁን የሚያሳይ ማስረጃም ከወዲሁ ያዙ። ለሕሊና ጉዳት የሚፈረደው ካሳ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በሕጉ ከ1 ሺህ ብር አይበልጥም። ዋናው ካሳ ያለው በቀረባችሁ ገቢ ላይ ነው። የቀን ሠራተኛ ፔሮል የለውም ተብሎ ተስፋ አይቆረጥም፤ ፎርማኑ፣ አብረው የዋሉት ሠራተኞች ይመሰክራሉ፣ ስሌቱ ካልተሟላም ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ሕጉ ይፈቅድለታል። ግን ያ ፎርማን በዓመቱ የት ሳይት እንደሚሆን ማን ያውቃል? ስልኩን ዛሬ ጻፉት። የትራፊክ ፖሊሱ ያነሣውን ፕላን፣ የመድኃኒቱን ደረሰኝ፣ ለቀጠሮ የተከፈለውን የታክሲ ሒሳብ ሳይቀር አንድ ፌስታል ውስጥ አጠራቅሙ።

ለጠበቃ የሚሆን ገንዘብ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ብዙውን ሰው ቤቱ ያስቀምጠዋል። የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው፤ ሴቶችን የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያግዛል፤ ጠበቆችም ነጻ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለብን። የዳኝነት መክፈል ያቃተው ሰው በደኻ ደንብ እንዲከስ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ ይችላል። ማስፈቀዱ ግን ራሱን የቻለ ቀጠሮ አለው፣ የካሳ ክስ ይርጋ ደግሞ ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት ነው። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ ጊዜው ሊራዘም ይችላል፤ በዚያ ተማምናችሁ ግን አትዘግዩ። ተጎጂው መነሣት ካልቻለ ከቤተሰቡ አንዱ በመጀመሪያው ሳምንት ይምጣ።