ዐይን የማያየውን መርዝ በብርሃን ስለ መለየት

ዕድፍ በዐይን ይታያል፤ የተበላሸ ምግብም በጠረኑ ይታወቃል። ለአትክልትና ለአዝርዕት ጥበቃ የሚረጨው የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ግን ከልክ በላይ ሆኖ በምግብ ላይ ሲቀር፣ ብዙ ጊዜ መልክም ጠረንም ሳይሰጥ ከማእድ ይደርሳል።

የጉዳቱን ክብደት ለመረዳት በሕንድ አገር የደረሰውን እናስታውሳለን። እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2013 ዓ.ም. በቢሃር ክፍለ ሀገር፣ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ምሳ ከበሉት ሕፃናት 23ቱ ሞቱ። ምግቡ የተሠራበት ዘይት ሲመረመር ሞኖክሮቶፎስ የተባለ የተባይ ማጥፊያ ተገኘበት። መርዙ የታወቀው ግን ሕፃናቱ ከበሉ በኋላ ነበር።

እንዲህ ያለውን መርዝ አጣርቶ የሚያሳውቀው የላቦራቶሪ ምርመራ እጅግ የታመነ ቢሆንም፣ ውድ መሣሪያ፣ የሠለጠነ ባለሙያና ጊዜ ይጠይቃል። ውጤቱ እስኪደርስም ቲማቲሙ ተሽጦ፣ ጎመኑም ተበልቶ ያልቃል። ስለዚህ ሊቃውንት በእጅ ተይዞ እስከ እርሻና እስከ ገበያ የሚሄድ መመርመሪያ ሲሠሩ ቆይተዋል፤ ከነዚህም አንዱ በፍሎረሰንስ የሚሠራው ነው።

ፍሎረሰንስ ማለት አንዳንድ ነገሮች ለዐይን የማይታየውን ልዕለ ሐምራዊ ጨረር ተቀብለው፣ በሚታይ ብርሃን መልሰው የሚያበሩበት ጠባይ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1852 ዓ.ም. ያወጣለት የካምብሪጁ ሊቅ ጆርጅ ስቶክስ ነው።

አሠራሩንም በአጭሩ ልናስረዳ ወደድን። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት መርዞች ተባይንም ሰውንም የሚጎዱት፣ ለነርቭ ሥራ እጅግ አስፈላጊ የሆነውን አሴቲልኮሊንስተሬስ የተባለ ኤንዛይም በማሰር ነው። በመመርመሪያው ወረቀት ላይ ይኸው ኤንዛይም ከሚያበራ ቅመም ጋር ይደረጋል፤ ከአትክልቱ የታጠበው ፈሳሽም ጠብ ይደረግበታል። ኤንዛይሙ ሥራውን ከሠራ ብርሃኑ በአንድ መልክ ይታያል፤ መርዝ ካሰረው ግን ድምቀቱ ወይም ቀለሙ ይለወጣል። ልዩነቱንም በትንሽ መብራትና በእጅ ስልክ ካሜራ መለካት ይቻላል። እንግዲህ መርዙ ነርቭን በሚጎዳበት በዚያው መንገድ ራሱን ያጋልጣል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ሁሉን አዋቂ አይደለም። እንደ ዲ.ዲ.ቲ. ያሉት፣ ይህን ኤንዛይም የማያስሩት መርዞች በዚህ መንገድ አይለዩም፤ የአትክልቱ የራሱ ቀለምም ብርሃኑን ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ የሚያጠራጥረውን ከማያጠራጥረው ለመለየት ይረዳል እንጂ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ላቦራቶሪው ነው።

መሣሪያው በእጃችን ባይኖርም ጥንቃቄው በእጃችን ነው። አትክልትና ፍራፍሬን በሚፈስ ንጹሕ ውሃ እያሹ ማጠብ፣ የሚላጠውንም መላጥ፣ ከላይ ያለውን መድኃኒት ይቀንሳል፤ ወደ ውስጥ የሠረገውን ግን አያወጣም። ስለዚህ ገበሬው ከርጭት በኋላ በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ሳይሞላ አዝመራውን እንዳይሰበስብ አጥብቀን እንመክራለን። መድኃኒት የነበረበትንም ጀሪካን፣ ታጥቦም ቢሆን፣ ማንም ሰው ለውሃ ወይም ለዘይት መያዣ አያድርገው። በቢሃር ለሕፃናቱ ምሳ የዋለው ዘይት እንዲህ ባለ ዕቃ ሳይቀመጥ እንዳልቀረ ተገምቷልና።